ከውሃው በላይ ፊት፣ ከውሃው በታች እግር

ስለ ፎቶግራፍ በሚጻፈው ነገር ውስጥ ሰሞኑን አንድ ዓይነት ውዳሴ በዝቷል። የሚወደሰው ርካሹ ካሜራ ነው፤ ያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራው፣ ፊልሙ ሲያልቅ ከነቀፎው ለፎቶ ቤት ተሰጥቶ እዚያው የሚቀረው። ውዳሴው ሲጨመቅ እንዲህ ይላል፦ ስልካችን ብዙ አወቀ። ፊት ይለያል፣ ብርሃን ይመዝናል፣ ጥርስ ያነጣል፣ ሳንጠይቀው ያስውበናል። ርካሹ ካሜራ ግን ምንም ስለማያውቅ አይዋሽም። የደበዘዘው፣ ግማሹ የተቆረጠው፣ ቀለሙ የሄደው ፎቶ የሐቀኝነት ማስረጃ ነው። ካሜራው ውሃ የማያስገባው ዓይነት ከሆነማ ውዳሴው ጭራሽ ቅኔ ይሆናል፤ ሰማያዊው ጭጋግ ትዝታ ነው፣ አረፋው ልጅነት ነው፣ ፊቱ ያልታየው ሰው ደግሞ «ሁላችንም» ነን።

ይቺ የመጨረሻዋ ናት የማትዋጥልኝ። ፊቱ ያልታየ ሰው ሁላችንም አይደለንም። አንድ ሰው ነው፣ ስም አለው፣ ፊቱ ያልታየበትም ምክንያት አለ። ምክንያቱን ሳይጠይቁ ማድነቅ ሂስ አይባልም። ካሜራውን አልጠላውም፤ እንዲያውም እዚህ የመጣሁት ከወዳጆቹ ልከላከልለት ነው።

ከዕቃው እንጀምር። ፉጂፊልም እ.ኤ.አ. በ1986 ጃፓን ውስጥ ለገበያ አወጣው፤ ኮዳክ በዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ተከተለ፤ ብዙም ሳይቆይ በወፍራም ፕላስቲክ ተሸፍኖ ባሕር የሚገባው ዓይነት መጣ። ጃፓኖች ይህን ዕቃ ካሜራ አይሉትም፣ «ሌንስ ያለው ፊልም» ነው የሚሉት። ልክ ናቸው። የሚሸጠው ፊልሙ ነው፤ ሌላው ቀፎ ነው። ከላይ ያለው መጫኛ በእርጥብ ጣት እንዲሠራ ተብሎ ትልቅ ተደርጓል፣ አንጓ ላይ የሚጠለቅ ላስቲክ አለው፣ ፍላሽ የለውም። የፉጂው እስከ 10 ሜትር፣ የኮዳኩ እስከ 15 ሜትር ጥልቀት ይገባል ተብሎ ይሸጣል። 27 ፎቶ ያነሳል፤ ቆጣሪው ደግሞ ወደ ታች ነው የሚቆጥረው፣ የቀረህን እየነገረ። ከሁሉም የምወድለት አንድ ብልሃት አለው። ፊልሙ ፋብሪካ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከቆርቆሮው ወጥቶ ይጠነጠንና፣ አንድ ፎቶ በተነሳ ቁጥር ያቺ የተነሳችው ወደ ቆርቆሮው ትመለሳለች። ስለዚህ ቀፎው በመሃል ቢሰበር የተነሱት ይተርፋሉ። የሚቃጠሉት ገና ያልተነሱት ናቸው።

«ምንም አያውቅም» የሚለው አባባል የሚፈርሰው ግን ቁጥሮቹ ላይ ሲደርስ ነው። የፉጂውን እንውሰድ። ቀዳዳው ኤፍ 10፣ መዝጊያው የሰከንድ 125ኛ፣ ፊልሙ ባለ 800። ሦስቱም አይነኩም፤ ሁሉንም ፋብሪካው ወስኗቸዋል። ፎቶ አንሺዎች በቃላቸው የሚይዙት የቆየ ደንብ አለ፦ በጠራራ ፀሐይ ቀዳዳውን ኤፍ 16 አድርግ፣ መዝጊያውን ከፊልሙ ቁጥር ጋር አስተካክል። በዚያ ደንብ ሲሰላ ይህ ካሜራ ለጠራራ ፀሐይ ከሚበቃው 16 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ተሳስተው አይደለም። ባለ ቀለም ኔጌቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ይችለዋል፤ ሲያንስበት ነው የሚሞተው። ካሜራውን የሠራው ሰው ለደመናው፣ ለጥላው፣ ለውሃው ውስጥ ብሎ አትረፍርፎ ሰጠ። ይህን 16 ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ።

ርቀቱም ተወስኗል። ሌንሱ ከአንድ ሜትር ወዲህ ያለውን አጥርቶ አያይም። ውሃ ደግሞ ነገሩን ሁሉ በሩብ ያህል አቅርቦ ስለሚያሳይ፣ ከባሕሩ ውስጥ ያ አንድ ሜትር ወደ አንድ ሜትር ከሠላሳ ይሄዳል። ክንድ ዘርግቶ ራስን ማንሳት በቃ አይሆንም፤ ከእረፍት የተመለሰ ሰው ፖስታ ውስጥ ያሉት የዚህ ዓይነት ፎቶዎች ሁሉ ጉንጫቸው የቀለጠ ሰዎች ናቸው። ራቅ ልበል ያለ እንደሆነ ደግሞ በመሃል የሚገባው ውሃ ቀለሙን ይበላዋል። ቀድሞ የሚሄደው ቀዩ ነው፤ ብርሃኑ አምስት ሜትር ያህል ውሃ ከተጓዘ ከቀዩ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ቀይ የዋና ልብስ ጥቁር ይሆናል። ቡናማ ቆዳም ያለው ሙቀት ይሄድና አመድማ ሰማያዊ ይሆናል። ከቅርብ ድብዝዝ፣ ከሩቅ ሰማያዊ። በሁለቱ መካከል ያለችው ጠባብ ቦታ ናት የካሜራው አገር፤ ከዚህ ዕቃ ጥሩ ፎቶ ያገኘ ሰው ሁሉ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ እዚያች ቦታ ላይ የቆመ ነው።

ውሃ በሰው አካል ላይ የሚያደርገውን ነገር ከዚህ ፕላስቲክ ብዙ ዘመን በፊት ያየ ሰው ነበር። ሃንጋሪያዊው አንድሬ ከርቴስ እ.ኤ.አ. በ1917 ኤስተርጎም ከተማ ውስጥ አንድ ዋናተኛ ከላይ ሆኖ አነሳ። ከርቴስ ያኔ በጦርነቱ ቆስሎ የነበረ ወታደር ነው። ፎቶው ላይ ሰውዬው ከውሃው በታች ተዘርግቷል፣ ብርሃኑ ጀርባው ላይ መረብ ሠርቷል፣ አካሉ ልኩን ስቷል፤ ጡንቻ ያለው የጎልማሳ አካል እንደ ሰም ተለጥጧል። ፊቱ አይታይም። እዚህ ፊቱ አለመታየቱ ግን የፎቶው ፈቃድ ነው። ከርቴስ ቁልቁል እያየ ነው፣ የሚያየው ሰው ማን እንደሆነ ሳይሆን ውሃው ምን እንዳደረገው ነው የጠየቀው፤ በኋላ ዘመኑም በመስተዋት የተጣመሙ አካላትን ሲያነሳ ያንኑ ጥያቄ ነው የቀጠለው። ከዚያ ወዲህ ከባሕር በታች የተነሱት ዝነኛ ፎቶዎች በብዛት ስለ ዓሣ ናቸው። በውሃ ውስጥ የተነሳው የመጀመሪያው ባለ ቀለም ፎቶ እ.ኤ.አ. በ1927 ናሽናል ጂኦግራፊክ ላይ ሲወጣ የታየበት ከፍሎሪዳ ባሕር ያለ አንድ ዓሣ ነው፤ ብርሃን ለማግኘት ከውሃው ላይ የማግኒዥየም ዱቄት እያፈነዱ ነበር ያነሱት። ለዓሣ ይህን ያህል ተለፍቷል።

ለእኔ ጉዳይ ግን የምትቀርበው ጃፓናዊቷ አሳኮ ናራሃሺ ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 መጽሐፍ ሆኖ የወጣው ሥራዋ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ውሃ ውስጥ ግማሽ ነቅቶ ግማሽ ተኝቶ» ያህል ነው። ውሃ የማያስገባ የፊልም ካሜራ ይዛ ባሕር ትገባና ወደ ታች አትጠልቅም፤ ውሃው አንገቷ ጋ ሲደርስ ትዞርና ወደ የብስ ታነሳለች። የፎቶው ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ነው፣ ከባድ፣ የሚያዘነብል ውሃ። ከበላዩ ሕንፃ ወይም ኮረብታ ወይም በዋና የተያዙ ሰዎች ይታያሉ። አንዱ ላይ የፉጂ ተራራ አለ፤ በስንት ሺህ ፖስትካርድ ቀጥ ብሎ የቆመው ተራራ እዚህ ሊሰጥም የቀረበ ይመስላል። የባሕር ዳር ፎቶ ሁልጊዜ ከየብስ ወደ ባሕር ነው የሚነሳው፤ ሰውዬው ከፊት፣ ባሕሩ ከኋላ እንደ መጋረጃ። ናራሃሺ መጋረጃው ውስጥ ገብታ ነው የምታየን። አድማስ የሚባለው መስመር ሲናወጥ «እረፍት ላይ ነኝ» የሚለው መተማመንም አብሮ ይናወጣል። ከእሷ ፎቶዎች በኋላ የውሃው መስመር ፎቶን ለሁለት ሲከፍል ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከላይ ያለው ምንድን ነው፣ ከታችስ?

በዚህ ጥያቄ ሙዚየም ያልገባ አንድ ፖስታ ላሳያችሁ። የዘመዶቼ ነው፣ የተነሳው ኤላት፣ እስራኤል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በጋ።

አክስቴ ከጎንደር ወደ እስራኤል የሄዱት በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው። ባሕር ሳያዩ ነው ያደጉት። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ኮሚቴ፣ እንደዚያ አገር ወግ፣ ሠራተኛውን ለሦስት ቀን ኤላት ወሰደ። ኤላት በዓቃባ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ላይ ናት፤ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ከከተማው ወደ ደቡብ ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ የተከለለ የኮራል ዳርቻ አለ። ያው ቀይ ባሕር ነው፣ ምጽዋን የሚያጥበው። የአክስቴ ልጅ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ባሕሩ ዳር ካለ ኪዮስክ ውሃ የማያስገባ ካሜራ አስገዛቸው።

ከ27ቱ 22 ታትመዋል። አሥሩ ዓሣ ለማንሳት የተሞከረባቸው ናቸው፤ ዓሣ የሚባል ነገር የለባቸውም፣ ቢበዛ ቢጫ ነጥብ። አራቱ የልጁ ጓደኞች ጉንጭ ነው። ሦስት አረፋ፣ ሁለት የገዛ ጣቱ። የዛሬዎቹ አወዳሾች ቢያገኙት ወርቅ የሚሉት ፖስታ ነው፤ እኔ ግን እነዚህን አሥራ ዘጠኙን በቅን ልቦና ዘልዬአቸዋለሁ። የዋህ ፎቶ ሁሉ ጥሩ ፎቶ አይደለም። የቀሩት ሦስቱ አክስቴ ያሉባቸው ናቸው፤ ከሦስቱም አንዱ ነው ጉዳዬ።

ይህን ፎቶ ለመረዳት የአክስቴን ሌሎች ፎቶዎች ማወቅ ያስፈልጋል። ሁሉም የፎቶ ቤት ናቸው። ያገራችንን ፎቶ ቤት የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ከኋላ የተሳለ መጋረጃ፣ ከጎን የፕላስቲክ አበባ፣ እጅ ጉልበት ላይ፣ ዓይን ወደ ሌንሱ፣ ሳቅ የለም። ከጀርባው በጥሩ እጅ ጽሑፍ «ለማስታወሻ»። ፎቶ መነሳት ማለት መቆም ነበር፣ ተዘጋጅቶ፣ ለብሶ፣ ለሚቀረው ሰው ተብሎ። እስራኤልም ከገቡ በኋላ የተነሱት ለመታወቂያ ነው፤ ጉርድ ፎቶ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አክስቴ ፊት ናቸው፤ አካል የላቸውም። የኤላቱ ላይ ልጁ ካሜራውን ግማሹን ውሃው ውስጥ፣ ግማሹን ከውሃው በላይ አድርጎ ነው የተጫነው፤ ናራሃሺን አያውቃትም፣ እጁ ዝሎ ይሆናል። መስመሩ ፎቶውን እኩል ለእኩል ከፍሎታል። ከታች እግሮቻቸው አሉ፣ አሸዋው ላይ ራቅ ራቅ ብለው ተተክለዋል፣ ረጅሙ ቀሚስ እንደ ጃንጥላ ተነፍቶ ተንሳፏል። ውሃው አቅርቧቸው እግሮቹ ከላይኛው አካል ይገዝፋሉ። መቼም ያን ያህል ጠንካራ እግር አላየሁም። ከላይ፣ ፀሐይዋ ከኋላቸው ሆና፣ ፊታቸው መሆን ያለበት ቦታ ላይ ጥቁር ቅርጽ አለ።

በቃ፣ ጥቁር። ዓይን የለም፣ አፍንጫ የለም። ሃያ ዓመት ያህል ቤት ውስጥ «የእማማ እግሮች» ሲባል የኖረው ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ ሁለት ማብራሪያ ሲሰጥ ሰምቻለሁ። አንዱ «ውሃ ነው፣ ርካሽ ካሜራ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ» የሚል ነው። ሌላኛው ፎቶውን ካሳየኋቸው ሥነ ጽሑፍ ወዳጆች አንዱ ያለው ነው፦ ጥቁሩ ፊት ውብ ነው፣ ስደተኛዋ ስም አልባ ሆና በሁለት ዓለም መካከል ቆማለች። ሁለቱም ፎቶውን አላዩትም። 16ን እናስታውስ። ካሜራው ከሚያስፈልገው በላይ ብርሃን የሚያስገባ ነው፤ በኤላት የበጋ ቀን ከፀሐይ የዞረ ፊት እንኳ ለዚያ ፊልም ጨለማ አይሆንም። ፊቱ ኔጌቲቩ ላይ መኖር አለበት። የጠፋው ካሜራውና ባሕሩ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ ወረቀቱ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን ብዙው የፎቶ ቤት ሥራ በማሽን ነበር። የማተሚያው ማሽን በመሠረቱ የፎቶውን ብርሃን አማክሎ ነው የሚያትመው። አብዛኛው ፍሬም የሚያብረቀርቅ ውሃና ሰማይ ከሆነ ማሽኑ «ይሄ በጣም ደምቋል» ይልና ሁሉንም ያጨልመዋል። ነጣ ያለ ፊት ያኔም ይጨልማል፣ ግን የሚወርድበት ቦታ አለው፤ ጠይም ፊት ሲወርድ መሬቱ ቅርብ ነው። ሰው ቆሞ የሚያርም ከሆነ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ያቀናዋል። ግን ምን ሲመስል ነው «ቀና» የሚባለው? ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች ይልከው የነበረው የማስተካከያ ካርድ «ሸርሊ» ይባላል፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት ካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ የእሷ ቆዳ ከወጣ ቀለሙ ልክ ነው ይባል ነበር። የካናዳዋ ተመራማሪ ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ይህን ታሪክ ስትከታተል አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ታገኛለች፦ የኮዳክ ሰዎች ፊልሙ ቡናማ ቀለሞችን እንዲለይ ማሻሻል የጀመሩት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ምርታችን በፎቶ አይለይም ብለው ስላማረሩ ነው። ቸኮሌት ተደመጠ። ብዙ ዓይነት ቆዳ ያላቸው ካርዶች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ነገሩን አዙሬ የማየው በዚህ ምክንያት ነው። ከመላው ሰንሰለት ውስጥ ለአክስቴ ፊት ቸር የነበረው ያ የተናቀው ፕላስቲክ ነው። ማንነታቸውን አልጠየቀም፣ አልመዘነም፣ ለሁሉም እኩል የተረፈ ብርሃን ሰጠ። «ያውቃል» የተባለው፣ የሚመዝነውና የሚያማክለው ማሽን ነው ያጠፋቸው። ስለዚህ ርካሹን ካሜራ በስህተቱ የሚያወድሱት ሰዎች የሌላ ማሽን ስህተት ተሸክመው ለእሱ እየሰጡት ነው፤ እሱ የሠራውን ደግሞ አላመሰገኑለትም።

ይሄ የአሮጌ ፖስታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ስህተቱ ዛሬ ዕቃ ሆኖ ይሸጣል። ሁጂ የሚባለው የስልክ አፕ በጥሩ ካሜራ የተነሳውን ፎቶ ያበላሽልህና ጥግ ላይ የ98 ዓመተ ምሕረት ቁጥር ያትምበታል። ዲስፖ የሚባለው ደግሞ ፎቶህን እስከ ማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይደብቅሃል፣ ፊልም እንዳሳጠብክ እንዲመስልህ። መጠበቁን እረዳለሁ፤ ፎቶ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ፖስታ የቀደደ ሰው ያቺን ሰዓት ይናፍቃታል። ግን አፑ የሚሰጥህ መዘግየቱንና ብልሽቱን ነው፤ ኔጌቲቩን አይሰጥህም። የታተመው ሲሳሳት ይግባኝ የሚባልበት ነገር የለም። ኔጌቲቭ ማለት ይግባኝ ነው። እንደ ትርፍ ዕቃ ከፖስታው ኋላ ተወሽቆ የሚቀረው ያ ቡናማ ቁራጭ፣ ማሽኑ የፈረደውን እንደገና ማየት የሚቻልበት መዝገብ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጥለውም እሱን ነው፤ ወረቀቱን አልበም ውስጥ ያስቀምጥና።

የአክስቴ ልጅ አልጣለውም፤ ወይም ለመጣል አላሰበበትም፣ ያው ነው። አክስቴ ያረፉ ጊዜ ለመታሰቢያቸው ፎቶ ሲፈለግ ከጉርዶቹ ሌላ ጠፋ። ልጆቹ ከጉርዶቹ አንዱንም አልወደዱትም፣ «እሷን አይመስልም» አሉ፤ ሁልጊዜ የሚስቁ ሴት ነበሩ። የዚያኔ ነው ኔጌቲቩ በስካነር የተነበበው። ለሰማዩና ለውሃው ሳይሆን ለዚያ ጥቁር ቅርጽ ብሎ ብርሃኑን ያስተካከለ ባለሙያ ሲያነብበው፣ ፊታቸው ወጣ። ጥርት ያለ አይደለም፤ የፊልሙ ፍሬ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ግራ ጉንጫቸው ላይ ከውሃው የተንጸባረቀ አረንጓዴ አለ። ግን እየሳቁ ነው፣ አፋቸውን በእጃቸው ሳይሸፍኑ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ልጁን እየተቆጡም ሊሆን ይችላል።

ለፊቱ የተሰጠው ብርሃን ግን ከውሃው ተወስዷል። በአዲሱ ህትመት ባሕሩ ነጭ ሆኗል፣ ቀሚሱ ጠርዙ ብቻ ይታያል፣ እነዚያ ግዙፍ እግሮች ሟሙተዋል። ሁለቱን በኮምፒውተር አጋጥሞ አንድ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ቤተሰቡ ጠየቀ፣ የአክስቴ ልጅ እምቢ አለ። ሁለቱም በአንድ ላይ የታዩበት ቅጽበት የለም ባይ ነው፤ እሱ ራሱ መስኮቱን እንኳ ሳያይ ነው የተጫነው። እሱ የሚመርጠው የድሮውን ነው፣ ጥቁሩን። በአዲሱ ውስጥ ባሕር የለም፣ ባሕር ከሌለ ደግሞ ኤላት የለም፣ እማዬ ያን ቀን ያደረገችው ነገር ውሃ መግባቷ ነው ይላል። ጥሩ ክርክር ነው፤ የሂስ ሰው ብሆን ይሻለው ነበር የምለው የአክስቴ ልጅ ነው። እኔ ግን በፊቱ ወግኛለሁ። እግሮቹን ሃያ ዓመት አይተናቸዋል። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አዲሱ ነው፤ የድሮው ከፖስታው ውስጥ ከአሥሩ ዓሣ አልባ ፎቶዎች ጋር ይገኛል፣ ከጀርባው ፎቶ ቤቱ ያተመው ቁጥር አለ፤ «ለማስታወሻ» የሚል አልተጻፈበትም።